በበረሃ ሸለቆዎች የሌሊት ቀዝቃዛ አየርና የአቧራ ብክለት

የሌሊት ቀዝቃዛ አየር ክምችት በተራሮች በተከበበ ረባዳ መሬት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚፈጠር የአየር ሁኔታ ነው። በተዳፋቱ ላይ የቀዘቀዘው አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ ክዳን ይሆንበታል። በበረሃ ውስጥ ይህ ክምችት ከአቧራ ጋር ሲገናኝ፣ ቀን ቢሆን ኖሮ ተበትኖ ይጠፋ የነበረው ብናኝ ሌሊቱንና ማለዳውን ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ይቆያል።

የበረሃ አቧራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ኃይለኛ ነፋስና ከሩቅ የሚመጣ የአቧራ ግድግዳ ነው። ይሁን እንጂ በተራራ በተከበቡ የበረሃ ከተሞች የአየር ብክለት ልኬት ከፍ የሚለው በማዕበል ቀን ብቻ አይደለም። ቅጠል በማይንቀሳቀስባቸው፣ ሰማዩ በጠራባቸውና በሚቀዘቅዙ ሌሊቶችም ከፍ ይላል። በእነዚህ ሌሊቶች አየሩን የሚሞላው አቧራ በአብዛኛው ከሰው ሥራ የሚነሳ ነው፤ ከመንገድ፣ ከግንባታ ቦታ፣ ከእርሻና ከአሸዋ ማውጫ። በዚህ ረገድ በስፋት ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚገኘው የፊኒክስ ሸለቆ ነው።

በረሃ ሌሊት ለምን ይቀዘቅዛል

መሬት ቀን ላይ ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ ታህተ ቀይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመናና በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን የዚህን ጨረር ብዙውን ክፍል ውጠው ከፊሉን ወደ መሬት ስለሚመልሱ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላሉ። በበረሃ ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀር ነገር ጥቂት ነው።

የአፈሩ ጠባይም ያግዛል። ደረቅ አሸዋና ልል አፈር በቅንጣቶቻቸው መካከል ብዙ አየር ስለሚይዙ ሙቀትን ወደ ጥልቀት በደንብ አያስተላልፉም። ስለዚህ ቀን የሚግለው ስስ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፤ ሌሊትም ይኸው ስስ ሽፋን ቶሎ ይቀዘቅዛል። እርጥብ አፈር ወይም ሐይቅ ይህን ያህል አይለዋወጥም። በዚህ ምክንያት በበረሃ በቀንና በሌሊት መካከል የ15 ወይም የ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ማየት የተለመደ ነው።

ቁልቁል የሚፈስ አየር

አየር በራሱ ጨረር በመልቀቅ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው። ፈጥኖ የሚቀዘቅዘው ከቀዘቀዘ መሬት ጋር ሲነካካ ነው። በተራራ ተዳፋት ላይ ያለው አየር በዚህ መንገድ ሲቀዘቅዝ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሆኖ ከተዳፋቱ ራቅ ካለው አየር ይልቅ እፍጋቱ ይጨምራል። የከበደው አየር በስበት ኃይል ተስቦ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ይህ ቁልቁል ነፋስ በሳይንሱ ካታባቲክ ነፋስ ይባላል።

የዚህ ነፋስ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1 ሜትር እስከ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ውፍረቱም በትንንሽ ተዳፋቶች ላይ ከጥቂት ሜትር እስከ ጥቂት አስር ሜትሮች ይደርሳል። ነገር ግን ከየገደሉና ከየሸንተረሩ የሚወርዱት ትንንሽ ፍሰቶች ጅረቶች ወንዝ እንደሚሞሉ ሁሉ በዋናው ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ። ሸለቆው ሰፊ መውጫ ካለው ቀዝቃዛው አየር ወደ ታችኛው አገር ይፈስሳል። መውጫው ጠባብ ከሆነ ወይም ዙሪያው ከተዘጋ ግን አየሩ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል።

የሚጠራቀመው አየር ምን ያህል ሊቀዘቅዝ እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተራሮች ላይ የሚገኘው ፒተር ሲንክስ የተባለ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ከዜሮ በታች 56.3 ዲግሪ ሴልሺየስ የተመዘገበበት ይኸው ጎድጓዳ ቦታ ነው።

የሙቀት መገልበጥ

በመደበኛው ሁኔታ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታግል ከታች የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለውም በቦታው ይወርዳል። አየሩ በእሳት ላይ እንዳለ ድስት ውሃ ስለሚገለባበጥ፣ ከመሬት የተነሳ ጭስም ሆነ አቧራ በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በበረሃ በጁንና በጁላይ ሞቃት ቀናት ይህ የሚቀላቀል የአየር ንብርብር ከ3,000 ሜትር በላይ ውፍረት ሊኖረው ይችላል።

ሌሊት ሥርዓቱ ይገለበጣል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቃዛ፣ ከበላዩ ያለው ሞቃት ይሆናል። ይህ ሁኔታ የሙቀት መገልበጥ፣ በሳይንስ አጠራሩም ኢንቨርዥን ይባላል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ ለመውጣት ምክንያት የለውም፤ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ በዙሪያው ካለው ሞቃት አየር ስለሚከብድ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከታችና ከላይ ያለው አየር መቀላቀሉን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ማለዳ ላይ ከኮረብታ ወደ ከተማ ለሚመለከት ሰው የዚህ ንብርብር የላይኛው ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ ከሥሩ ቡናማ ወይም ግራጫ ጉም፣ ከበላዩ ጥርት ያለ ሰማይ ነው።

ብናኙ ለምን ይከማቻል

በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ብናኞች በመጠናቸው ይመደባሉ። ፒኤም 10 የሚባሉት ስፋታቸው 10 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ሲሆኑ፣ ፒኤም 2.5 የሚባሉት ደግሞ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ናቸው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከአፈር የሚነሳ አቧራ በአብዛኛው በፒኤም 10 ልኬት ላይ ይታያል፤ ከእሳትና ከሞተር የሚወጣ ጭስ ደግሞ በፒኤም 2.5 ላይ ጎልቶ ይታያል።

አቧራው በራሱ ክብደት ለምን ቶሎ አይወርድም የሚለው ጥያቄ መልሱ በመጠኑ ላይ ነው። በጸጥተኛ አየር ውስጥ የፒኤም 10 ትልቁ ቅንጣት በአንድ ሰዓት የሚወርደው ወደ 10 ሜትር ገደማ ነው። የ2.5 ማይክሮሜትር ቅንጣት ግን በሰዓት 1 ሜትር እንኳ አይወርድም። ስለዚህ ምሽት ላይ የተነሳ ደቃቅ ብናኝ ሌላ ነገር ካላነሳው እስኪነጋ ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል።

የክዳኑን ውጤት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሸለቆውን እንደ ሣጥን፣ የሚቀላቀለውን የአየር ንብርብር ውፍረት ደግሞ እንደ ሣጥኑ ቁመት እንውሰድ። ቀን ላይ ቁመቱ 1,500 ሜትር ቢሆንና ሌሊት ወደ 100 ሜትር ቢወርድ፣ ያው አንድ ዓይነት መጠን ያለው አቧራ በ15 እጥፍ ባነሰ አየር ውስጥ ይገባል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆነ ክምችቱም 15 እጥፍ ይሆናል። ሌሊት የሚነሳው አቧራ ከቀኑ በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ ልኬቱ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቂት መጥፎ ሰዓቶች የሙሉ ቀን አማካይን ሊያበላሹም ይችላሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የፒኤም 10 መለኪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 150 ማይክሮግራም ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጣቢያ 20ውን ሰዓት 60 ማይክሮግራም፣ 4ቱን የማለዳና የምሽት ሰዓት ግን 700 ማይክሮግራም ቢያሳይ፣ የቀኑ አማካይ ወደ 167 ይሆናል። የቀኑ አብዛኛው ክፍል ደህና ሆኖ ሳለ ከተማዋ መለኪያውን አልፋለች ማለት ነው።

ከምሽት እስከ ረፋድ

የክምችቱ ዑደት በየዕለቱ ተመሳሳይ መልክ አለው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ የቀኑ ነፋስ ይደክማል፤ መሬቱም መቀዝቀዝ ይጀምራል። ይህ ሰዓት ከሥራ መልስ መኪኖች መንገድ ከሚሞሉበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ስለዚህ ክዳኑ ሲዘጋ በውስጡ ብዙ ብናኝ ይዞ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ይደርሳል። የፍሰቱ ግንባር ሲያልፍ አነስተኛ የነፋስ ግፊት ስለሚፈጠር ከመሬት ላይ ተጨማሪ አቧራ ሊያነሳ ይችላል። የተነሳው አቧራም ወዲያው በክዳኑ ሥር ይያዛል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሰው እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ልኬቱ በመጠኑ ይወርዳል።

ሁለተኛው ከፍታ የሚታየው ማለዳ ነው። ክዳኑ በጣም የሚጠነክረው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ በዚያው ሰዓት የጭነት መኪኖችና የግንባታ ሠራተኞች ሥራ ይጀምራሉ። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ክምችቱን ከሥሩ እስክትበላው ድረስ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። በብርድ ወራት ሌሊቱ ረጅም፣ የፀሐይዋም ኃይል ደካማ ስለሆነ ክምችቱ እስከ ረፋድ፣ አንዳንዴም እስከ እኩለ ቀን ይቆያል። ከላይ የከፍተኛ ግፊት ሥርዓት ሲያርፍ ደግሞ ክምችቱ ለተከታታይ ቀናት ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል።

የሜትዮር ክሬተር ጥናት

ተመራማሪዎች ክስተቱን ከከተማ ጭስና ከሕንጻዎች ተጽዕኖ ነፃ በሆነ ቦታ ለማጥናት የመረጡት በአሪዞና በረሃ የሚገኘውን ሜትዮር ክሬተር ነው። ይህ ጉድጓድ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ በወደቀ አለት የተቆፈረ ሲሆን ስፋቱ ወደ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 170 ሜትር ነው። ቅርጹ ክብ፣ ዙሪያውም የተዘጋ ስለሆነ እንደ ተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በዴቪድ ኋይትማንና በባልደረቦቻቸው መሪነት ሜትክራክስ የተባለ የመስክ ጥናት በዚያ ተካሄደ። በጉድጓዱ ወለል፣ በግድግዳውና በጠርዙ ላይ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ፊኛዎችም ወደ ላይ ተለቀቁ። በጸጥተኛ ሌሊቶች ወለሉ ላይ 30 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠንካራ የሙቀት መገልበጥ ተገኘ። ከዚያ በላይ እስከ ጠርዙ አቅራቢያ ድረስ ግን የአየሩ ሙቀት ከከፍታ ጋር ብዙም አይለወጥም ነበር። ግኝቱ ከውጭ በጠርዙ ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ አየርም ወደ ጉድጓዱ እየገባ ክምችቱን እንደሚቀርጸው አመለከተ።

የፊኒክስ ሸለቆ

ፊኒክስ በሶኖራን በረሃ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምሥራቅ የሱፐርስቲሽን ተራሮች፣ በሰሜን ምሥራቅ የማክዳወል ተራሮች፣ በደቡብ ሳውዝ ማውንቴን፣ በደቡብ ምዕራብ የኢስትሬላ ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ የኋይት ታንክ ተራሮች ይከብቧታል። ከተማዋ የምትገኝበት የማሪኮፓ ካውንቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 330 ሺህ ነበር፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ደርሷል። ይህ ሁሉ ዕድገት ቤት፣ መንገድና የተቆፈረ መሬት ማለት ነው።

የሸለቆው ነፋስ በቀን ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራሮቹ ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ተራሮች ወርዶ የሶልት ወንዝን መስመር ተከትሎ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የሽግግር ሰዓት ጸጥተኛ ነው፤ ብናኙም ሳይንቀሳቀስ ይቆማል።

የሶልት ወንዝ ለጉዳዩ ሁለት ነገር አበርክቷል። በወንዙ ላይ እ.ኤ.አ. በ1911 የተጠናቀቀው የሩዝቬልት ግድብና ሌሎች ግድቦች ውሃውን ወደ መስኖና ወደ ከተማ ስለሚወስዱት፣ በከተማው ውስጥ የሚያልፈው የወንዙ ወለል በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ነው። ወንዙ በብዙ ሺህ ዓመታት ያመጣው አሸዋና ጠጠር ደግሞ ለግንባታ ተፈላጊ ስለሆነ በወንዙ ዳር የአሸዋና የጠጠር ማውጫዎች፣ የኮንክሪትና የአስፋልት ማምረቻዎች ተሰልፈዋል። የወንዙ ወለል የሸለቆው ዝቅተኛው ቦታ ነው። ቀዝቃዛው አየር የሚወርደውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ስለዚህ አቧራው የሚነሳበትና አየሩ የሚታፈንበት ቦታ አንድ ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ ፊኒክስ በዚህ መስመር የተተከሉ መለኪያ ጣቢያዎች ከካውንቲው ከፍተኛ ከሆኑት መካከል የሚቆጠር የፒኤም 10 መጠን በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

በዚህ ዝቅተኛ መሬት ዳር የሚኖረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጥቁር አሜሪካውያንና የሜክሲኮ ተወላጅ ቤተሰቦች ከባቡር ሐዲዱ በስተሰሜን ቤት መግዛትም ሆነ መከራየት በአብዛኛው ይከለከሉ ስለነበር በደቡብ ፊኒክስ ሰፈሩ። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የቆሻሻ መጣያዎችም ወደዚያው አካባቢ ተመደቡ። በመሆኑም ጸጥ ባሉ የብርድ ሌሊቶች የሚከማቸውን አቧራ ከሌላው ይበልጥ የሚተነፍሱት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ናቸው።

የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ1996 የፊኒክስን አካባቢ በፒኤም 10 ብክለት ረገድ «ከባድ» በሚባለው ምድብ አስገባው። ካውንቲው ከዚያ ወዲህ በርካታ ዕቅዶችን አውጥቷል። በክርክሩ ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው ጉዳይ የአቧራ ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 5 ቀን 2011 ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቧራ ግድግዳ ከተማዋን በሸፈነ ጊዜ የነበረው ዓይነት ልኬት በሕጉ «ልዩ ክስተት» ተብሎ ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል፤ ሰው ሊቆጣጠረው አይችልምና። ጸጥተኛ ሌሊት ግን ይህ ማመካኛ የለውም። ነፋስ ሳይኖር አቧራው ካለ፣ ያነሳው ከተማው ራሱ ነው።

በብርድ ወራት ሌላ ነገርም ይጨመራል። በገናና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሰዎች በምድጃና በግቢ ውስጥ እንጨት ያነድዳሉ፣ ርችትም ይተኩሳሉ። ጭሱ ከአቧራው ጋር በአንድ ክዳን ሥር ስለሚታሰር የአዲስ ዓመት ሌሊት የፒኤም 2.5 ልኬት በከተማዋ ከዓመቱ ከፍተኛ ከሚሆንባቸው ጊዜያት አንዱ ነው።

የከተማ ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ

አስፋልትና ኮንክሪት ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት በዝግታ ስለሚለቁ የፊኒክስ መሃል ከዳርቻዋ ይልቅ ሌሊት ይሞቃል። ይህ ሙቀት በመሃል ከተማ ያለውን የሙቀት መገልበጥ ያዳክመዋል፤ በእርሻዎችና በወንዙ ዳር ግን ቀዝቃዛው አየር እንደ ተኛ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሌሊት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ሰፈሮች መካከል የሙቀትም ሆነ የብናኝ ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ሌሎች የበረሃ ሸለቆዎች

ላስ ቬጋስ፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የኔቫዳ ግዛት ከተማ ላስ ቬጋስ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ ባለ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በስተምዕራቧ የቻርልስተን ተራራ 3,632 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም ወደ 106 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ1993 ልክ እንደ ፊኒክስ በ«ከባድ» ምድብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ካውንቲው በግንባታ ቦታዎች፣ በባዶ መሬቶችና አስፋልት ባልለበሱ መንገዶች ላይ ጥብቅ ደንብ ካወጣ በኋላ በ2014 መለኪያውን ያሟላ አካባቢ ተብሎ ተመዘገበ። ምሳሌው እንደሚያሳየው ተራሮቹንና ሌሊቱን መለወጥ ባይቻልም የአቧራውን ምንጭ መቀነስ ይቻላል።

ኦወንስ፦ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኦወንስ ሸለቆ ተቃራኒውን ዓይነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው የሎስ አንጀለስ የውሃ ቦይ ወንዙን ወደ ከተማ ከወሰደው በኋላ የኦወንስ ሐይቅ በ1920ዎቹ ደረቀ። ከደረቀው የሐይቅ ወለል የሚነሳው ጨዋማ አቧራ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ትልቁ አንድ የፒኤም 10 ምንጭ ነበር። እዚህ አቧራውን የሚያነሳው በተራሮቹ መካከል የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው። መፍትሔውም ወለሉን በስስ ውሃ መሸፈን፣ ሣር ማብቀልና ጠጠር ማልበስ ሆኗል።

ታሪም፦ በምዕራብ ቻይና የሚገኘው የታሪም ረባዳ በቲያንሻን፣ በፓሚርና በኩንሉን ተራሮች የተከበበ ሲሆን መሃሉን የታክላማካን በረሃ ይሞላዋል። ከማዕበል በኋላ ነፋሱ ሲቆም አቧራው መውጫ አጥቶ ለቀናት ይንሳፈፋል። እንዲህ ባሉ ቀናት የነፋስና የጸጥታ አቧራ ይቀላቀላሉ፤ ነፋሱ ያነሳውን ተራራውና ቀዝቃዛው አየር ያቆዩታል።

በጤና ላይ ያለው ጉዳት

የፒኤም 10 ብናኝ አፍንጫንና ጉሮሮን አልፎ ወደ አየር ቧንቧዎች ይገባል። ፒኤም 2.5 ደግሞ እስከ ሳንባ ትንንሽ ከረጢቶች ይደርሳል። ሁለቱም አስምን ያባብሳሉ፤ የሳንባና የልብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችም ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጣሉ። ሕፃናት፣ አረጋውያንና ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት የፒኤም 10 አማካይ ከ45 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም ከአሜሪካው መለኪያ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው።

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃዎች አፈር ውስጥ ኮክሲዲዮይዲስ የተባለ ፈንገስ ይኖራል። አፈሩ ሲቆፈር ወይም በነፋስ ሲነሳ የፈንገሱ ዘሮች ወደ ሳንባ ገብተው የሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ ያመጣሉ። በአሜሪካ ከሚመዘገቡት የዚህ በሽታ ታማሚዎች አብዛኞቹ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ የሚገኙ ናቸው።

ልኬትና ትንበያ

የሌሊት ክምችትን መተንበይ ከባድ ነው። የአየር ትንበያ የኮምፒውተር ሞዴሎች መሬቱን በካሬ ከፋፍለው ያሰላሉ፤ የእያንዳንዱ ካሬ ጎን ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ቀዝቃዛው አየር ግን ጥቂት አስር ሜትር ውፍረት ሊኖረውና በጠባብ የወንዝ ወለል ውስጥ ሊተኛ ይችላል። በካሬው ውስጥ ያለው ጉድጓድና ኮረብታ ተደምሮ በአንድ አማካይ ከፍታ ስለሚተካ ሞዴሉ ትንሹን ረባዳ አያየውም። በዚህ ላይ ጸጥተኛ አየር ውስጥ ያለው ደካማና የተቆራረጠ መቀላቀል በቀመር ለመግለጽ ያስቸግራል።

ስለዚህ የመለኪያ ጣቢያ የሚተከልበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የቆመ ጣቢያ ከክዳኑ በላይ ሆኖ ንጹሕ አየር ሊለካ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ሰፈር ግን በዚያው ሰዓት ሌላ አየር ይተነፍሳል።

የመከላከያ ዘዴዎች

በማሪኮፓ ካውንቲ ከ0.1 ኤከር ወይም 400 ካሬ ሜትር ገደማ ጀምሮ ስፋት ያለው መሬት የሚያናውጥ ግንባታ የአቧራ መቆጣጠሪያ ፈቃድና ዕቅድ ያስፈልገዋል። የተለመዱት እርምጃዎች የሚከተሉት ናቸው፦

- የተቆፈረ መሬትን ውሃ መርጨት፣ ሥራ ሲቆምም አፈሩን ማጠንከር፤
- በግንባታ ቦታ ውስጥ የመኪና ፍጥነትን መገደብ፤
- ከግንባታ ቦታ የሚወጣ መኪና ጎማው ላይ ያለውን ጭቃ እንዲያራግፍ በመውጫው ላይ ጠጠር ወይም የብረት ፍርግርግ ማንጠፍ፤
- የአሸዋ ጭነትን በሸራ መሸፈን፣ መንገድን አቧራ በሚስብ መጥረጊያ መኪና ማጽዳት፤
- የአፈር መንገዶችንና የመኪና ማቆሚያዎችን አስፋልት ወይም ጠጠር ማልበስ፤
- ብክለት በሚጠበቅባቸው ቀናት እንጨት ማንደድን መከልከል።

የሥራ ሰዓትን ማስተካከልም ይረዳል። ያው አንድ ቁፋሮ በእኩለ ቀን ሲሠራና ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሲሠራ የሚያስከትለው ብክለት እኩል አይደለም። ለነዋሪዎችም ተመሳሳይ ነው፤ ክምችት ባለባቸው የብርድ ቀናት ሩጫና የስፖርት እንቅስቃሴን ከማለዳ ወደ ቀትር ማዛወር የሚተነፈሰውን ብናኝ ይቀንሳል። በሞቃት ወራት ግን ከሰዓት በኋላ የኦዞን ብክለት ስለሚጨምር ይህ ምክር አይሠራም።

በደጋ አገሮች

የአየሩ መሠረታዊ ጠባይ በበረሃ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ረባዳውን ማሳ መሆኑን ገበሬ ያውቀዋል፤ ከፍ ያለው ተዳፋት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ምክንያቱ ያው ቁልቁል የሚፈስ ቀዝቃዛ አየር ነው። ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ማለትም ኅዳር ሲታጠን፣ ጭሱ ከየሰፈሩ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ዝቅ ብሎ የሚተኛውም አየሩ በቀዘቀዘባቸውና ነፋስ በሌለባቸው የማለዳና የምሽት ሰዓታት ነው። ልማዱ የተጀመረው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ አየሩን ለማጽዳት ታስቦ እንደሆነ ይነገራል።